በሲስተም ኮል ውስጥ የፍላግ ፍተሻ

ፕሮግራም ፋይል መክፈት ሲፈልግ ዲስኩን ራሱ አይነካም፤ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል። ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥርም አብሮ ይላካል፤ ፍላግ የሚሉት እሱን ነው። በቁጥሩ ውስጥ ካሉት ቢቶች (0 ወይም 1 የሚይዙ ቦታዎች) ብዙዎቹ የየራሳቸው ትርጉም አላቸው፦ «ፋይሉ ከሌለ ፍጠረው»፣ «መጨረሻው ላይ ጨምር»፣ «የነበረውን አጥፋ»። ፍተሻው ቀላል ነው። ከርነሉ የሚያውቃቸውን ቢቶች ያወጣል፣ የተረፈ ካለ ጥሪውን አይቀበልም። በሊኑክስ የዚህ ስህተት ቁጥር 22 ነው። ሁለት መስመር ኮድ ይበቃዋል።

ሁለቱ መስመሮች ሲቀሩስ? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚወርድ ሰው ይገባዋል። «ሐረጎ ላይ ወራጅ አለ!» ትላላችሁ። ረዳቱ በደንብ አልሰማም፣ ግን «እሺ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሐረጎ ያልፋል፣ እናንተ ኮምቦልቻ ትገኛላችሁ። «ምን አልክ?» ቢል ኖሮ ደግማችሁ ትጮሁ ነበር።

ፋይል የሚከፍተው የሊኑክስ ነባር ሲስተም ኮል፣ ኦፕን (open)፣ ልክ እንደዚህ ረዳት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ሞክረነው ነበር። ከዜሮ ሲቆጠር 30ኛው ላይ ያለውን፣ ትርጉም የሌለውን ቢት ላክን። ፋይሉ ያለ አንዳች ቅሬታ ተከፈተ። ያንኑ ቢት ፍላጎችን ለሚፈትሸው አዲሱ ጥሪ፣ ለኦፕንአት2 (openat2)፣ ስንሰጠው 22 መጣ። ልጁ ወዲያው «ታዲያ ኦፕንን ለምን አያስተካክሉትም?» አለ።

አይችሉማ። ፍላጉን ሳያጸዳ ቆሻሻ ቢት የሚልክ አሮጌ ፕሮግራም ዛሬ ይሠራል፤ ፍተሻ ቢጨመር ነገ አይሠራም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሰበር ዝም አይልም። ለዚያ ቢት አዲስ ትርጉም መስጠትም ያው ጣጣ ነው፤ አሮጌው ፕሮግራም ያላዘዘው ነገር ይደረግለታል።

ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ይኬዳል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከርነል 3.11 ስም አልባ ጊዜያዊ ፋይል የሚፈጥር ፍላግ አመጣ። አሮጌ ከርነል ዝም ብሎ እንዳያልፈው «ይህ ዳይሬክተሪ (ፎልደር) ነው» የሚለው ቢት አብሮ ተሰፋበት። ዳይሬክተሪን ለመጻፍ መክፈት ስለማይቻል አሮጌው ከርነል ስህተት ይመልሳል። ብልሃቱ ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ፋይልን ከፕሮግራሙ ሜሞሪ ጋር በሚያገናኘው ሲስተም ኮል፣ ኤምማፕ (mmap)፣ ላይ ደግሞ በከርነል 4.15 ሼርድ (shared፣ የጋራ) ከሚባለው ነባር ዓይነት የሚለየው ፍላጎችን በመፈተሹ ብቻ የሆነ አዲስ ዓይነት ተጨመረ። ኦፕንአት2 ራሱ የመጣው በ2020 (እ.ኤ.አ.)፣ በ5.6 ነው።

ልጁ ፕሮግራሙን አሁን እንዲህ አድርጎታል፦ መጀመሪያ ኦፕንአት2ን ይጠራል። 38 ከመጣ ከርነሉ ጥሪውን ጭራሽ አያውቀውም ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ኦፕን ይመለሳል። 22 ከመጣ ግን ቆሞ የራሱን ኮድ ያያል።