ሙቀትን መላመድ ምንድን ነው?

«ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ይለምደዋል።» ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የወረደ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሰውነት ሙቀትን በእርግጥ ይለምዳል። ግን በሁለት ቀን አይለምድም። ከባዱ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚሞተው ገና እየለመደ ሳለ መሆኑ ነው።

ሙቀትን መላመድ ማለት ሰውነት በሙቀት ውስጥ ቀን በቀን ሲሠራ ራሱን ቀስ በቀስ የሚያስተካክልበት ሂደት ነው። የወኔ ጉዳይ አይደለም። የጉልበትም አይደለም። ደማችን፣ ልባችንና የላብ ዕጢዎቻችን አሠራራቸውን ይቀይራሉ። ለዚህ ለውጥ አብዛኛው ጤነኛ ሰው ከ7 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። ጥላ ሥር ተቀምጦ መክረም ብቻውን አይበቃም። ሰውነት የሚማረው በሙቀቱ ውስጥ ሲሠራ ነው።

ለምን እንዲህ ጊዜ ይወስዳል? ቆፋሪውን ወይም አራሚውን አስቡት። ጡንቻው ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ለሥራው የሚውለው ከሩብ አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ሙቀት መውጣት አለበት። ሰውነት ሁለት ዋና መላ አለው። አንደኛው የሞቀውን ደም ወደ ቆዳ መላክ ነው። ሁለተኛው ማላብ ነው። አየሩ ከቆዳችን በላይ ሲግል የመጀመሪያው መላ አይሠራም፤ ጭራሽ ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ያለን ላብ ብቻ ነው።

ላብም ቢሆን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጠብ ጠብ ብሎ መሬት ላይ የሚወድቀው ላብ ግን ውሃችንንና ጨዋችንን ወሰደ እንጂ ምንም አላቀዘቀዘልንም።

አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ላቡ ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣም ጨው የበዛበት ነው። ሸሚዙ ጀርባ ላይ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ያ ጨው ነው። ልቡ ደግሞ ለጡንቻውም ለቆዳውም ደም ማዳረስ ስላለበት ድው ድው ይላል። ቀናት ሲያልፉ ነገሩ ይለወጣል። በደም ሥሩ ውስጥ ያለው የደም ፈሳሽ ይጨምራል፤ ይህ ቀድሞ የሚመጣው ለውጥ ነው። ልቡ ረጋ ይላል። ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨዉም ይቀንሳል። ያው ሥራ፣ ያው ፀሐይ፣ ግን የሰውነቱ ግለት እንደ መጀመሪያው ቀን አይወጣም።

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ የሚባለው፣ ያወጣውን ቁጥር እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ከቤት ውጭ ሲሠሩ በሙቀት ከሚሞቱ ሠራተኞች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የሚሞቱት በሞቃት ቦታ መሥራት በጀመሩባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ሽማግሌና በሽተኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ወጣት፣ ጤነኛና ጉልበተኛ ናቸው። በአለቃቸው ሰነፍ ላለመባል ከሁሉም ፈጥነው የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ይህን ቀድመው በከባድ ዋጋ የተማሩት የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ባለቤቶች ናቸው። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ዓለቱ ይግላል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ከመሬት በታች በሙቀት ይሞቱ ጀመር። ከዚያ በኋላ አዲስ ሠራተኛን ቀስ በቀስ ማስገባት ተጀመረ። በኋላም በሙቀትና በእርጥበት በታፈነ ክፍል ውስጥ ለተከታታይ ቀናት ደረጃ እያስወጡ እያስወረዱ አለማምደው ማውረድ መጣ። ለሠራተኛው ከማዘን ይልቅ ሥራው እንዳይቆም በማሰብ የተደረገ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ሰው እንደ ሞተር በቁልፍ ተነሥቶ ሙሉ ኃይሉን እንደማይሰጥ ያኔ ግልጽ ሆነ።

ዛሬ በሙያው የሚመከረው ልኬት ቀላል ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው የሥራ ጊዜ 20 በመቶውን ብቻ በሙቀቱ ውስጥ ይሥራ። ከዚያ በየቀኑ ከ20 በመቶ ያልበለጠ ይጨመርለት። ሥራው 8 ሰዓት ከሆነ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። የቀረውን ጥላ ሥር ያለ ቀለል ያለ ሥራ ይሥራ። ሥራውን ድሮ የሚያውቅና ከእረፍት የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን 50፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 80 በመቶ ሠርቶ በአራተኛው ቀን ሙሉውን መሥራት ይችላል።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ሁመራና መተማ እንውረድ። ሁመራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሌላውም ደጋ ብዙ ወጣት ይወርዳል። በሰሊጥ ማሳ የሚውሉትን የቀን ሠራተኞች የአካባቢው ሰው «ሳሉግ» ይላቸዋል። ወጣቱ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፤ ጠዋት ማሳ ይገባል። ክፍያው በኮንትራት ከሆነ ደግሞ ያረፈባት እያንዳንዷ ሰዓት ከኪሱ የምትወጣ ገንዘብ ናት። ለቤተሰብ ሊልክ ነው የመጣው። እንዴት ብሎ በመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር ይቀመጣል?

ስለዚህ ይህን ነገር ለሠራተኛው ብቻ መምከር ተገቢ አይመስለኝም። ቁልፉ በካቦው እና በባለ ማሳው እጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት አዲስ ለመጣው በኮንትራት ሳይሆን በቀን ሒሳብ መክፈል ይቻላል። አዲሱን ከነባሩ ጋር ማጣመር ይቻላል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሥራውን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ረፋዱ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ፀሐይ ስትበርድ መቀጠል ይቻላል። ገበሬው በገዛ ማሳው የሚያደርገው ይህንኑ አይደል? የተቀጠረው ልጅ ግን የራሱ ጊዜ የለውም።

መላመድ ቶሎ ይጠፋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አንድ ሳምንት ያህል ከሙቀቱ የራቀ ሰው ማጣት ይጀምራል፤ ወር ከቆየ አብዛኛው ይጠፋል። ለቅሶ ደርሶ፣ ወይም መስቀልን ከዘመድ ጋር ውሎ፣ ወይም ታሞ ከርሞ የተመለሰ ሰው «እኔ ነባር ነኝ» ብሎ መግባት የለበትም። ደግነቱ ድጋሚ መላመዱ ከመጀመሪያው ፈጠን ይላል።

ሌላም ስሕተት አለ። «የለመደ ሰው ውሃ አይጠማውም» ይባላል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የለመደ ሰው ይበልጥ ስለሚያልበው ይበልጥ ውሃ ይፈልጋል። የሚመከረው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል መጠጣት ነው። ጥማት እስኪመጣ መጠበቅ ያዘገያል። በሌላ በኩል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1.4 ሊትር ገደማ በላይ መገልበጥም አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። ስለዚህ ምግብ አይዘለል። ማታ የሚወሰደው አረቄም ውሃን ከሰውነት ያስወጣል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ሰውነት ደግሞ የቀኑን ግለት የሚያራግፈው በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ስለ ጾም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የአረም ሥራ ያለበት ወቅት። ብዙ ሰው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ረመዳን ደግሞ በሙቀቱ ወራት የሚውልበት ዓመት አለ። እምነቱን ትተህ ሥራ የሚል ምክር የለኝም። የንስሐ አባትን ወይም ሼኩን ቀድሞ ማማከር፣ ካቦውም ሥራውን ወደ ንጋት ማምጣቱ ግን ነፍስ ያድናል።

መላመድ ወሰን አለው። በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ ማለት ነው! በዚያ የተወለዱት የአፋር ጨው ቆራጮች እንኳ በጣም ሞቃት በሆኑት ወራት ሥራውን ያቀዘቅዙታል።

ከሐሩር ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ወበቅ ነው። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላብ አይተንም። ላብ ካልተነ፣ የለመደም ያልለመደም ሰው አይቀዘቅዝም። ለዚህ ነው በሙያው ተራውን ቴርሞሜትር ብቻ የማያምኑት። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትርና የፀሐይን ግለት የሚለካ ጥቁር ሉል አብረው ይጠቀማሉ። ሦስቱ ተቀምረው አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ኳታር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ይህ ቁጥር ከ32.1 ካለፈ በማንኛውም ሰዓት ሥራ እንዲቆም አዘዘች። ከጁን 1 (ግንቦት 24) እስከ ሴፕቴምበር 15 (መስከረም 5) ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ መሥራት ከለከለች። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። በሳዑዲ ከጁን 15 (ሰኔ 8) ጀምሮ ክልከላው ከ6 እስከ 9 ሰዓት ነው። እዚያ ያላችሁ ወንድሞች ይህን እወቁት፤ መብታችሁ ነው። የሚያሳዝነው፣ በረሃ ውስጥ ብቻውን ግመል የሚጠብቀው ልጅ ዘንድ ይህን የሚያስከብር ተቆጣጣሪ እምብዛም አይደርስም።

በመጨረሻ ስለ ምች። ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን የሚያመውና የሚያተኩሰው ሰው ሲገኝ ቶሎ «ምች መታው» እንላለን። ዳማከሴ ይታሻል፣ በጋቢ ተሸፋፍኖ ይታጠናል። ለሌላ ሕመም ዳማከሴን አልቃወምም፤ እናቴም ያሳደገችኝ በእሱ ነው። በሙቀት ለተመታ ሰው ግን መሸፈንና ማጠን እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ነው። የሙቀት ምት የሚባለው የሰውነት ግለት 40 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ወይም አልፎ አንጎል ሲታወክ ነው። ሰውየው ግራ ይጋባል፣ የማይገናኝ ነገር ያወራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ይስታል። እያላበው ሊሆንም ይችላል፤ «ላቡ አለ፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። የትኩሳት ክኒንም አይረዳውም።

መኪና እስኪመጣ አትጠብቁ። ጥላ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ያገኛችሁትን ውሃ ሁሉ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት። በርሜል ወይም ገንዳ ካለ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ከአንገቱ በታች ንከሩት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት፤ በመንገድም ላይ ማቀዝቀዙ ይቀጥላል። ከዳነ በኋላ ወደ ማሳው የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድለት ነው። ሲመለስም ቆጠራው እንደ አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።