ነፃ የኦንላይን ማስተማሪያዎች በጎጃም ትምህርት ቤቶች

ጎጃም ውስጥ አንድ ነፃ መተግበሪያ ለክፍል ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል፤ በደህናው ጊዜም መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ አብሮ ይደክማል። ስለዚህ መስመር ሲኖር ማውረድና ማዘጋጀት፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ያለ መስመር መጠቀም ያዋጣል።

ብዙ ሰው ስልኩ ላይ አስቀድሞ ያለው ቴሌግራም ነው። ለማስታወሻ ቻናል፣ ለጥያቄና መልስ ግሩፕ ይከፈታል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማስታወሻው በሰላምታና በስቲከር ይዋጣል። የእጅ ጽሑፍን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ የተማሪውን ጥቅል ይጨርሳል፤ ተተይቦ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ማስታወሻ ግን ከአንድ ፎቶ ሊያንስ ይችላል። የቴሌግራም ክዊዝ (መልሱን ወዲያው የሚያርም የምርጫ ጥያቄ) የፊደል ገደብ ስላለው ጥያቄውም ማብራሪያውም አጭር መሆን አለበት። ማን ምን እንደመለሰ ለማየት ግሩፕ ውስጥ ስም የሚደብቀውን ምርጫ ማጥፋት ያስፈልጋል።

የኦንላይን መጠይቅ ማዘጋጃው ጎግል ፎርምስ የምርጫ ጥያቄን ራሱ ያርማል። አጭር መልስ ላይ ግን አማርኛ ያስቸግረዋል። መልሱን ፊደል በፊደል ስለሚያመሳክር፣ መምህሩ «ዓባይ» ብሎ ካስገባ «አባይ» ያለው ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ የጎጃም ልጅ ዓባይን ስቶ ዜሮ ሲሰጠው ማየት ያስቃል። ሁሉንም አጻጻፍ በመልስ ቁልፉ ላይ መመዝገብ ወይም ጥያቄውን ወደ ምርጫ መቀየር ይቻላል። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚመዘገበው፤ የጠዋት 9፡00 የኛ 3 ሰዓት ነው። ማብቂያው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ «አላረፈድኩም» የሚል ተማሪ አይጠፋም።

በአንድ ጉድኝት ያሉ ትምህርት ቤቶች የጋራ ሞዴል ፈተና ሲያወጡ ጎግል ዶክስ ይጠቅማቸዋል። አስተባባሪው ሰነዱን ይከፍታል፤ እያንዳንዱ መምህር የደረሰውን ምዕራፍ ያወጣል፤ ገምጋሚዎች አስተያየት ብቻ እንዲሰጡ ይፈቀድላቸዋል። በስህተት የጠፋ ጥያቄ ከቀድሞ ቅጂዎች ይመለሳል። የማይመለሰው የሾለከ ፈተና ነው፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲከፍተው ከተፈቀደና ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ፈተናው አለቀለት። መምህራኑን በየኢሜይላቸው መጋበዝ ያድናል።

ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት (PhET) የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎችን ስክሪን ላይ ያሳያል፤ እያንዳንዱን ሙከራ አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል። ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ። ኮሊብሪ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ የካን አካዳሚን የትምህርት ቪዲዮዎች አንድ ላፕቶፕ ላይ ያስቀምጥና በዋይፋይ ለተማሪዎቹ ስልክ ያደርሳል። የስልክ ሆትስፖት ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ መሣሪያ ስለማያስተናግድ፣ 60 ተማሪ ያለው ክፍል ስድስት ስድስት ሆኖ በአንድ ስልክ ዙሪያ ይቀመጣል። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ከሆነ ለታችኛው ክፍል ድምፁን አጥፍቶ በአማርኛ እያስረዱ ማሳየት ይሻላል፤ የላፕቶፑ ባትሪም መብራት ባለበት ሌሊት ሞልቶ ማደር አለበት።