ሕገ መንግሥቱና የፈጠራ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሕገ መንግሥቱ ስለ ደራሲና ሙዚቀኛ ንብረት የሚለው የለም።»

ይላል እንጂ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(2) በዜጋ ጉልበትና የመፍጠር ችሎታ የተገኘ፣ ዋጋ ያለው ውጤት የሚዳሰስም ይሁን የማይዳሰስ የግል ንብረት ነው ይላል። ስለዚህ ዜማና ግጥም እንደ ቤት ሁሉ ንብረት ናቸው። ዝርዝሩ ያለው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ ነው።

«ካላስመዘገብኩ መብት የለኝም።»

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስህተት ይህ ነው። ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና በወረቀት ወይም በድምፅ ከሰፈረ፣ ጥበቃው ከዚያው ይጀምራል። የአእምሯዊ ንብረት ምዝገባ የሚጠቅመው ለማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት ሲኬድ ችግር የሚሆነው መብቱ መኖሩ ሳይሆን ማን ቀድሞ እንደሠራው ማስረዳት ነው። ስለዚህ የግጥሙን ረቂቅ፣ የመጀመሪያውን የስልክ ቅጂ፣ የስቱዲዮውን ፋይል ከነቀኑ አስቀምጡ። ፓተንት (ለአዲስ የፈጠራ ውጤት የሚሰጥ መብት) ግን ከዚህ ይለያል፤ ካላመለከቱ አይገኝም።

ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። «ስለ ስደት ፊልም ልሠራ አስቤ ነበር፣ ቀደመኝ» የሚል ክስ አያስኬድም። የተጻፈውን ስክሪፕት የገለበጠ ግን ይጠየቃል።

«በቃል ተስማምተናል፣ ይበቃል።»

አይበቃም፤ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ውሉ ላይ የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች ለየብቻ ይጠቀሱ፤ ማባዛት፣ በመድረክ ማቅረብና ማሰራጨትም ተለይተው ይጻፉ። «ሙሉ መብቱን ሸጫለሁ» የምትል አንዲት መስመር በኋላ ለጭቅጭቅ በር ትከፍታለች።

«ክሬዲት ከሰጠሁ ችግር የለም።»

ስም መጥቀስ ፈቃድ አይተካም። ለጥቅስ ግን ተመጣጣኝ መሆኑና ምንጩ መነገሩ በቂ ነው። «የሰው ዘፈን እስከ 30 ሰከንድ ያለ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል» የሚባለው ነፃነት አዋጁ ውስጥ የለም።

«ደራሲው ከሞተ ሥራው የማንም ነው።»

ጥበቃው ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቀጥላል፤ ገቢው የወራሾች ነው። ለፎቶግራፍ ግን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

«የመናገር ነፃነት ጽሑፍና ንግግር እንጂ ሥነ ጥበብን አይመለከትም።»

አንቀጽ 29 ሥነ ጥበብን በስም ይጠራል፤ ቅድመ ምርመራንም (ሳንሱርን) በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የወጣቶች ደህንነት ወይም የሰው ክብርና መልካም ስም ሊሆን ይችላል እንጂ፣ የሐሳቡ ይዘት ስላላስደሰተ አይደለም። ይህ ነፃነት የራስን ለመፍጠር ነው፤ የሌላውን ሥራ ገልብጦ ለመሸጥ አያገለግልም። ሆን ብሎ መብት የጣሰ በወንጀል ይጠየቃል።