የዩኒቨርሲቲና የማኅበረሰብ የምርምር አጋርነት፦ ፋይዳው በምን ይለካል?

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ሥራ አለባቸው ይባላል፦ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ተመራማሪው ከግቢው ወጥቶ ከአንድ አካባቢ ነዋሪ ጋር ለዓመታት ተሳስሮ ሲሠራ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራ ይገናኛሉ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ የሚሰፍሩት ግን የታተሙ ጽሑፎች፣ የተመረቁ ተማሪዎችና የተገኘው የፕሮጀክት ገንዘብ ናቸው። ሁሉም የዩኒቨርሲቲው ትርፍ ነው። በሩን ከፍቶ፣ ወንበር አቅርቦ፣ ከሥራው ተስተጓጉሎ መልስ የሰጠው ቤተሰብ ምን አገኘ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። የአጋርነት ፋይዳ ግምገማ መነሻው ይህ ጥያቄ መሆን አለበት።

በአገራችን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ከሚሆኑት አንዱ ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው ቤት ለቤት ተቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እየተባለ ያለማቋረጥ ይመዘገብ ጀመር። በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ፣ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በቀርሳ ተመሳሳይ የጥናት ጣቢያዎችን አቋቁመዋል።

የዚህ ሥራ ክብደት የሚታየው ሰው በሞተበት ቤት ነው። በገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው ስለሆነ፣ የሞቱ ምክንያት የሚታወቀው አስታማሚውን በመጠየቅ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ሐዘኑ በረድ እስኪል ጠብቆ ይመጣል። ልጇን የቀበረችውን እናት ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ፣ ያንቀጠቅጠው ነበር ወይ፣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር ወይ፣ ጡት መጥባት ያቆመው መቼ ነው እያለ በዝርዝር ይጠይቃታል። መልሷን ሐኪሞች አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። ሰንጠረዥ ላይ «የሳንባ ምች» ተብሎ የሚቆጠረው አንድ ቁጥር ከዚህ ቤት የወጣ ነው። እናቲቱ ያንን ቀን መልሳ የኖረችው ለጥናቱ ስትል ነውና ውጤቱ ተመልሶ ለቀበሌው ሕዝብ መነገሩ ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው። የጥናት ጣቢያ ባለባቸው አካባቢዎች «ተጠይቀን ተጠይቀን ምን አገኘን» የሚለው ምሬት የሚመጣውም ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ነው።

ለውጡን በቁጥር ማሳየትም ቀላል አይደለም። አንድ ጣቢያ ባለበት አካባቢ የሕፃናት ሞት ቀነሰ እንበል። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166 ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በመካከሉ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ተዘርግቷል፣ ክትባት ተስፋፍቷል፣ መንገድ ገብቷል። አገር በሙሉ ያገኘውን ለውጥ አንድ የምርምር ጣቢያ የእኔ ነው ሊል አይችልም። በሌላ በኩል በየጊዜው መረጃ ሰብሳቢ የሚመላለስበት ቀበሌ ሰው ካልደረሰበት ጎረቤቱ ጋር እኩል አይደለም፤ የታመመ ልጅ አይቶ «ጤና ጣቢያ ውሰጂው» የሚል ሰው መግባቱ ራሱ ለውጥ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ገምጋሚ ጣቢያው ባይኖር ኖሮ ጨርሶ የማይገኘውን ነገር ይፈልጋል።

በቡታጅራ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በተጀመረ ጥናት ከ68,000 በላይ ጎልማሶች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ለዓመታት በተደረገው ክትትል እነዚህ ሰዎች ከሌላው ነዋሪ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታወቀ። ከጥናቱ ጋር አብሮ በቡታጅራ ሆስፒታል በነርሶች የሚመራ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ተከፈተ፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ ሕክምናው በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የሚያስችል ሥራ ተሠራ። ቀድሞ ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መሄድ ግድ ለነበረበት፣ ወይም ቤት ውስጥ ታስሮ ለሚውል ሰው፣ ከመንደሩ ብዙ ሳይርቅ መድኃኒት ማግኘቱ በየትኛውም መጽሔት የገጽ ብዛት አይለካም። ለእኔ የጣቢያው ትልቁ ፍሬ ይህ ነው።

ሁለተኛው ማሳያ ዓድዋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአካባቢው ወንዞች በውሃ ስለሚተላለፈው የቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው ደግሞ በሽታውን የሚያሸጋግረው ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ እንዶድ ወንዙ ላይ እየተረጨ ሲሞከር፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከመጀመሩ በፊት ተለክቷል፣ ካለቀ በኋላ ተለክቷል፣ የተለካውም የልጆቹ ጤና ነው። በግምገማ በኩል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ዓለም አቀፍ ተቋማት የመርዛማነት ምርመራው በሚያምኗቸው ላቦራቶሪዎች ካልተረጋገጠ አንቀበልም በማለታቸው ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ጥቅሙ ለማን ደረሰ የሚለውን ጥያቄ ያከብደዋል። የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት ፍጥረት በእንዶድ የመግደል ዘዴን በስሙ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። ወንዝ ዳር እንዶድ የሚወቅጡት የዓድዋ ሴቶች በሰነዱ ውስጥ ድርሻ የላቸውም። ዛሬ በሕጉ በኩል ነገሩ ተለውጧል። እንደ እንዶድ ያለውን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓ.ም.) እንደሚለው፣ መንግሥት ከማኅበረሰቡ የጄኔቲክ ሀብት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ ይሰጣል። ስለዚህ አንድን አጋርነት የሚገመግም ሰው ከቃለ መጠይቁና ከቁጥሩ በፊት ውሉን ይክፈት፤ የቀበሌው ሕዝብ በስሙ ተጠቅሶ እንደሆነና ድርሻው ምን ያህል እንደተባለ እዚያው ያገኘዋል።