«እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል»፦ ብቻውን ሀዋሳ ለሚገባ ሰው

ወደማያውቀው አገር ለሚነሳ ሰው ከሚሰጡ ምክሮች መካከል «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚለውን ያህል የተለመደ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፊተኛውን ግማሽ ብቻ እንጠቅስና «ዝም ብለህ የአገሩን ሰው ምሰል» ማለት ነው ብለን እናልፈዋለን። እንዲህ ሲተረጎም አባባሉ ይጎድላል። ቁም ነገሩ ያለው ወንዙ ጋ ነው። ወንዝ የሚሻገር ሰው ውሃውን ያያል፣ አካሄዱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ጉዳይ ያልፋል።

አባባሉ የወጣው ድልድይ ብርቅ ከነበረበት ዘመን ኑሮ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ወንዝ ይሞላል፣ ነጋዴውም ዘማቹም ባለበት ይቆያል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ውሃው ሲጎድል መንገድ ይከፈታል። ከዚያ በፊት መሻገር ግድ የሆነበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መልካውን፣ ማለትም መሻገሪያውን የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው ነበር። የመልካ እውቀት ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። በአጠቃላይ ውሃው ሰፋ ብሎ ላዩ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ጥልቀቱ ያንሳል፤ ጠበብ ብሎ ለስልሶ የሚሄድበት ደግሞ ይጠልቃል። እንግዳ ሰው ግን አጭሩንና ጸጥ ያለውን ይመርጣል፤ ብዙ ሰው የሚወሰደውም እዚያ ላይ ነው። ዘንግ የያዘ ተሻጋሪ ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ፣ ዘንጉን በዚያው በኩል ተክሎ፣ በጎን በጎን ይራመዳል። አንድ እግር ሳይረግጥ ሌላው አይነሳም። ውሃውን አፍጥጦ ማየት ራስ ያዞራል፤ ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው ማዶ ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ በሚጥልበት አገር ማታ የሞላ ትንሽ ወንዝ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል፤ ማደር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ላይኛው አገር የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ከጭን ሲያልፍና እግር መክዳት ሲጀምር የሚመለስ ሰው ፈሪ አይባልም።

አባባሉ ይህን ሁሉ ይዞ ነው ወደ አገር ኑሮ የሚሻገረው። አገርም እንደ ወንዝ የየራሱ መልካ አለው፤ የሚያውቀውም እዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ የሚመጣ መኪና ከተማዋ ሊገባ ሲል ጥቁር ውሃን ይሻገራል። ይህ ወንዝ ሀዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከተማዋ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። አማርኛ ያግባባል፤ በዚያው ጎዳና ሲዳምኛና ወላይትኛም ይሰማል። «ዳኤ ቡሹ» ሲሉት እንኳን ደህና መጣህ እያሉት መሆኑን የሚያውቅ እንግዳ ቢያንስ መልስ አያጣም።

ብቻውን የመጣ ሰው ትልቁ ችግር የሚመጣው በምግብ ሰዓት ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» በሚባልበት አገር ለአራት ሰው በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ሌሎችን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ማንም አይጠጋውም። የጀበና ቡና በርጩማ ላይ የተቀመጠ ግን ገና አቦሉ ሳይቀዳ «ከየት ነው?» ይባላል። ቁጭ ሲሉ ቀድሞ ሰላምታ መስጠት፣ ከዚያ ስልክ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። አንድ ስኒ ጠጥቶ ወዲያው የሚነሳ ሰው ቡና ጠጥቷል እንጂ ሰው አልተዋወቀም፤ ጨዋታው የሚሞቀው ቶናው ላይ ነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት እዚያው መመለስ አሥር ቡና ቤት ከማዳረስ የተሻለ ያዋጣል። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ደግሞ ቡና የምታፈላዋ ከሁሉ የተሻለች መልካ አሳይ ናት፤ የትኛው ሰፈር አምሽቶ እንደሚሞቅ፣ የትኛው ባጃጅ ነጂ እንደሚታመን ታውቃለች።

ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በጠዋት ነው የሚኬደው። ጀልባዎቹ ያጠመዱትን ይዘው ይገባሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ ትርፍራፊ እየጠበቁ ሰው መሀል ይንጎራደዳሉ። ሙሉ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ለአንድ ሰው ሊበዛ ይችላል፤ ብቻውን የሄደ ወይ በሾርባ ይጀምር፣ ወይ አጠገቡ የተቀመጠውን «እንብላ» ይበል። ዋጋው የሚጠየቀው አሳው ዘይት ውስጥ ሳይገባ ነው። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ፤ ጥሬ አሳ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል እንግዳ የበሰለውን ቢመርጥ ነውር የለበትም። ጉማሬ ለማየት በጀልባ የሚወጣ ሰው የተነገረው ዋጋ የጀልባው ይሁን የአንድ ሰው አስቀድሞ ይለይ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው የጀልባው ከሆነ ብቸኛ ተጓዥ ዳር ላይ ቆሞ ሰው የጎደላቸውን ይጠይቅ። ሒሳቡ ይከፈላል፣ ለምሳ አብሮት የሚቀመጥ ሰውም ያገኛል። ነፋሱ ከሰዓት ስለሚበረታ ጠዋት ይሻላል።

የከተማዋ ትልቁ መልካ ግን ሙዚቃ ነው። በአንድ ምሽት አንድ ባንድ ከሲዳምኛ ወደ ወላይትኛ፣ ከዚያ ወደ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይዞራል፤ መድረኩ ፊት የሚነሳውም ሰው አብሮ ይቀያየራል። ወላይታው ወገብ ይፈልጋል፣ ጉራጊኛው ፈጣን እግር፣ እስክስታው ትከሻ። እንግዳ የሚሰናከለው ሁሉንም በለመደው ሊጨፍር ሲሞክር ነው፤ ማንኛውንም ዘፈን በችክችካ ምት የሚያጨበጭብ ከከበሮው ይወጣል። መውጫው ቀላል ነው። በአገራችን የባህል ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለ፤ እንግዳ የሚገባው በተቀባዩ በኩል ነው። መጀመሪያ ይሰማል። ከዚያ የአጠገቡን ሰው እጅ እያየ ያጨበጭባል፤ ከበሮውን ከማየት የሰውን እጅ ማየት ይቀላል። አዝማቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመለስ ቃሉን ባያውቀው እንኳ ማለቂያውን ድምፅ ይቀበላል። እግሩን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲጋብዙትም እሺ ብሎ። መድረኩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሳይወድ ይነሳል፤ ለመጀመሪያው ሰዓት ማየት ብቻ የፈለገ ከግድግዳው ሥር ይቀመጥ። ለዘፋኝ ሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ቀን ላይ መመንዘር አለበት፤ ሰው መሀል የብር ክምር አውጥቶ መምረጥ ለሌባ መጥራት ነው። ሲመለስም ባጃጁን ኮንትራት ነው ወይስ በሰው ብሎ ሳይቀመጥ ይጠይቅ።

ፍቼ ጨምበላላ ላይ የሚደርስ ደግሞ የተቀባይነትን ትርጉም በሙሉ ያየዋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑ በግድግዳ ካላንደር ላይ ተጽፎ አይጠብቅም፤ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች ጨረቃና ከዋክብት አይተው ይወስኑታል፣ ከዚያ ለሕዝቡ ይታወጃል። ስለዚህ ቲኬት ቀድሞ የቆረጠ ሊያመልጠው ይችላል፤ አዋጁን ሰምቶ መነሳት ነው። ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባል የባህል ዕቃ ቀርቦ በጋራ ይበላል፤ እንግዳ እጁን ታጥቦ ሽማግሌ እስኪጀምር ይጠብቅ። ሕዝቡ ለበዓሉ በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ በጉዱማሌ፣ የቄጣላ ጭፈራ ሲያልፍ ሰልፉን አቋርጦ ፎቶ ከማንሳት ዳር ቆሞ «አይዴ ጨምበላላ» ብሎ የበዓሉን ሰላምታ መስጠት ብዙ ሰው ያስተዋውቃል።

አባባሉን አላግባብ የሚጠቀሙበትም አሉ። ጉቦ የሚቀበል «ምን ይደረግ፣ እንደ አገሩ ነው» ሲል ይሰማል። ይህ አባባሉን መስረቅ ነው። ጓደኛ ለማግኘት ብሎ የማይጠጣውን የሚጠጣ፣ ያልጣመውን ግብዣ እምቢ ማለት አፍሮ ከማያውቀው ሰው ጋር ሌሊት ከከተማ የሚወጣም እንዲሁ ነው፤ ጭኑ ድረስ የመጣውን ውሃ አይቶ ወደፊት መሄድ ይባላል። «ልምድ የለኝም፣ ቡና ይሁንልኝ» ብሎ እጅን ደረት ላይ ማድረግ በሀዋሳም በሌላውም ከተማ ያስከብራል። ሒሳብ ላይ ግን እልህ አይያዝ፤ የመጀመሪያውን የአገሩ ሰው ከከፈለ የሚቀጥለውን እንግዳው ይጋብዝ፤ ያን ጊዜ ግንኙነቱ የእኩል ይሆናል።

ጊዜ ሲመረጥም አገሩን ማወቅ ይጠቅማል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች፤ አልጋ አስቀድሞ ካልተያዘ በር በር መዞር ይመጣል። ሲወጡም «ደህና ግባ» ብሎ ስልኩን የሰጠ ሰው ጥሪ ይጠብቃል። መናኸሪያ ላይ ሆኖ መደወል መሰናበቻ ነው፤ ወዳጅነቱን የሚያጸናው ቤት ሲደርሱ የሚደወለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በየበዓሉ።