ቤተ ሙከራ ብቻውን አይመራመርም፦ ስለ ጤና ምርምር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አገራችን የጤና ምርምር ሲወራ ደጋግመው የሚነሡ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ስላላቸው ለማረም ያስቸግራሉ። (ዓ.ም. ከተባለበት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ምርምሩን ሀብታሞቹ አገሮች ይሥሩት፤ እኛ ውጤቱን እንጠቀም።»

ክትባትና መድኃኒት ላይ እስከ ተወሰነ ድረስ ያስኬዳል። የድሬዳዋን ወባ ግን እንመልከት። ወባ የቆላ፣ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ነው፣ ትንኟም ኩሬና ረግረግ ትወዳለች ሲባል ነው ያደግነው። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች ትንኝ ተገኘች። ይህችኛዋ ከተሜ ናት፤ በርሜል፣ የውሃ ታንከር፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። በ2022፣ ወባ ይረግባል በሚባልባቸው ደረቅ ወራት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ታማሚው በዛ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ታማሚዎቹ የሚኖሩበት ድረስ ሄደው፣ የቤተሰቡን ደም እየመረመሩ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው እጭ እየቀዱ ሲያጣሩ ከወረርሽኙ ጀርባ ያለችው ይህችው ትንኝ ሆና ተገኘች። ጄኔቫ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢሮ የተቀመጠ ሰው የድሬዳዋን በርሜል ክዳን ከፍቶ አያይም። የመከላከል ዕቅዱ ደግሞ የሚለወጠው ክዳኑን ከፍቶ ባየ ሰው ቃል ነው፤ ሌሊት አጎበር ውስጥ መተኛት ብቻውን እዚህ በቂ አይሆንም፣ በርሜሉም መከደን አለበት።

«የጎደለን የተማረ ሰው ነው።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እናቶቻችን በየጓሯቸው የሚያውቁት ተክል በሽታውን ከምንጩ ሊያደርቅ ይችል ነበር። አእምሮው ነበረ፤ ግኝቱም ነበረ። ያልነበረው፣ እንዶድ ለሰውና ለእንስሳት ጉዳት እንደሌለው ዓለም አቀፍ ተቋማት በሚቀበሉት ደረጃ ፈትሾ የሚመሰክር የአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ ነው። ማረጋገጫው ከባሕር ማዶ ሲጠበቅ ዓመታት ነጎዱ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ 1989 ሆኗል፤ ወንዙ ዳር ከታየው ነገር 25 ዓመት በኋላ።

«እንግዲያው ቤተ ሙከራ ይሠራ፤ ምርምሩ ይከተላል።»

ሕንፃው ይመረቃል። ከዚያ ኬሚካሉ ያልቃል፣ ግዢው በየቢሮው ይንከራተታል፣ ማሽኑን የሚጠግን ሰው ይጠፋል። ይህ የታወቀ ነው። ብዙም የማይታየው ከቤተ ሙከራው በፊት ያለው ነገር ነው። የጤና ጣቢያ መዝገብ ገልጣችሁ የዕድሜውን ዓምድ ብቻ ወደ ታች አንብቡት፦ 30፣ 25፣ 40፣ 35፣ 40፣ 60። የ37 እና የ43 ዓመት ሰው የት ገባ? ታካሚው «ወደ አርባ ገደማ» ይላል፣ ነርሷ 40 ብላ ትጽፋለች፤ ከኋላዋ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ቆሟል፣ በማን ይፈረዳል? ከዚህ ዓምድ የሚወጣ ስሌት ግን በምንም ኮምፒውተር አይቃናም።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሪባን የሚቆርጥለት የማይገኘው። ቡታጅራ ላይ በ1986 ቤት ለቤት ቆጠራ ተደርጎ፣ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚወለደው፣ የሚሞተው፣ የሚገባውና የሚወጣው ሰው ያለማቋረጥ መመዝገብ ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም በገጠር ማኅበረሰብ ውስጥ ምን እንደሚመስል በኋላ ሰፊ ጥናት የተካሄደው እዚያው ነው፤ ማን የት ቤት እንደሚኖር አስቀድሞ ስለሚታወቅ።

«ገንዘቡን ለጋሾች ይሸፍናሉ።»

ይሸፍናሉ፤ ጥያቄውንም አብረው ይመርጣሉ። በ1990 ዓለም አቀፉ የጤና ምርምር ለልማት ኮሚሽን ታዳጊ አገሮች ከጤና ወጪያቸው ቢያንስ 2 በመቶ ለምርምር እንዲያውሉ፣ ለጋሾችም ለጤና ከሚሰጡት እርዳታ 5 በመቶ ለዚሁ እንዲመድቡ መክሮ ነበር። ሁለት በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በገዛ ገንዘብ የሚጠየቅ ጥያቄ የሚገኘው ከእርሷ ነው።

«ናሙና ከአገር ሲወጣ ዝርፊያ ነው።»

ያለ ስምምነትና ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከወጣ፣ አዎ። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚወጣው የሚመረምረው ስለሌለ ነው። በ2020 መጀመሪያ በኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ አፍሪካ እየተላከ ውጤቱ ይጠበቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. (ማርች 13 ቀን 2020) የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ሲደረግ፣ ናሙናው አውሮፕላን መሳፈር አላስፈለገውም።