እርሳስን በእርሳስ ማደን፦ የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቁስ ምንድን ነው? ውሃ ውስጥ ያለ ከባድ ብረትንስ እንዴት ይለያል?

በአማርኛ «እርሳስ» ሁለት ነገር ነው፤ ልጆች የሚጽፉበትና ከባዱ ብረት። የመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ዘንግ ግን ብረቱ አይደለም፤ ግራፋይት የሚባል ካርቦን ነው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤተ ሙከራ ይህ ዘንግ ከእንጨቱ ወጥቶ፣ በውሃ ውስጥ የተሰወረውን እርሳስ የሚያድን ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የመለኪያ ዘንግ) ሆኖ ያገለግላል።

ደብረ ብርሃን ለምንኖር ነገሩ ቅርብ ነው። በረሳ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል፤ በከተማው ደግሞ ፋብሪካው እየበዛ ነው። አንድ ቀን ስለ ከባድ ብረቶች ሳወራ የሰሙኝ ጎረቤቴ እማማ «ታዲያ ልጄ፣ አፍልተን ብንጠጣውስ?» አሉኝ። «ማፍላት ተዋሲያኑን ይገድልልዎታል እማማ፤ እርሳስ ካለበት ግን አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እርሳሱ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር ይበረታል» አልኳቸው። ዝም ብለው ጀሪካናቸውን አዩት። ጀሪካኑ ምንም አይናገርም፤ እርሳስ ያለበትም የሌለበትም ውሃ በዓይን አንድ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ የሌላው ከባድ ብረት፣ የካድሚየም፣ 3። አሥሩ ማይክሮግራም በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 0.2 ሚሊግራም ይሆናል። አንዲት የጤፍ ፍሬ የምትመዝነው ያህል ነው። ያችን ፍሬ የሚያገኙት ትልልቅ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ ጋዝ፣ የማይቆራረጥ መብራትና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ፤ ውሃውም ተጭኖ ወደ እነሱ መሄድ አለበት። በኤሌክትሮኬሚስትሪ (በኤሌክትሪክ አማካይነት ኬሚካልን በመለካት) ግን መሣሪያው ራሱ ወደ ወንዙ ሊወርድ ይችላል። የስኳር ሕመምተኞች የጣታቸውን ደም ጠብታ የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ የዚሁ ዘዴ ዘመድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮዱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ወደ 1.2 ቮልት ገደማ አሉታዊ ይደረጋል፤ ውሃው እየተማሰለ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል። በውሃው ተበትነው የነበሩት የብረት አዮኖች (ኤሌክትሮን የጎደላቸው የብረት አቶሞች) ኤሌክትሮን እየተቀበሉ ኤሌክትሮዱ ላይ ይለጠፋሉ። ቀጥሎ ቮልቱ ቀስ በቀስ ወደ አዎንታዊ ይገፋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ አስቡ፤ ሁሉም በአንድነት ይሳፈራል፤ ሲወርድ ግን አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ደብረ ሲና፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት ነው። ብረቶቹም እንደዚያው ናቸው፦ ካድሚየም በአሉታዊ 0.8 ቮልት አካባቢ፣ እርሳስ በአሉታዊ 0.5 አካባቢ፣ መዳብ ወደ ዜሮው ጠጋ ብሎ ይወርዳል። እያንዳንዱ ሲወርድ ኤሌክትሮኑን ስለሚመልስ በስክሪኑ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ሾጠጥ ብሎ ይነሳል። የወረደበት ቦታ ማንነቱን፣ የጫፉ ከፍታ ብዛቱን ይነግረናል።

ኤሌክትሮዱ ላይ የሚቀባው የብረት ኦክሳይድ የሚጠቅመው ለመሳፈሩ ነው። የብረት ኦክሳይድ ማለት አንድ ብረት፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚሆነው ቁስ ነው፤ ባዕድ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ዝገት እሱው ነው። ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ ቲታኒየም፣ ኮባልትም የየራሳቸው ኦክሳይድ አላቸው። የኦክሳይዱ ገጽ ውሃ ሲነካው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩባቸው ጫፎች ያወጣል። የእርሳስ አዮን ሲቀርብ ሃይድሮጅኑ ይለቅና እርሳሱ በቦታው ኦክስጅኑን ይይዛል። ገጹ በሰፋ ቁጥር የሚይዘው ይበዛል፤ ናኖ፣ ማለትም በናኖሜትር (በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) የሚለካ ደቃቅ ቁስ፣ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ቆሎ ውሃ ውስጥ ቢጣል ለመራስ ጊዜ ይወስዳል፤ ያው ገብስ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን ግን ውሃውን ወዲያው ይመጠዋል። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ የሁሉም ፊቱ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል ግን ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ ቁንጥር ዱቄት የአንድ ሰፊ ግቢ ያህል ገጽ አለው ማለት ነው። ይህን ሳሰላ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የዘዴው መነሻ ሌላ ነበር። የቼኩ ኬሚስት ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ፕራግ ላይ የጀመረው በባዜቃ (ሜርኩሪ) ጠብታ ነው፤ በ1959 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ባዜቃ ድንቅ ኤሌክትሮድ ነው፤ መርዝ ፍለጋ መርዝ ይዞ ወንዝ መውረድ ግን አይመከርም። ቢስሙዝ የተባለው ብረትና ኦክሳይዶች ተፈላጊ የሆኑት ከዚህ የተነሳ ነው።

ችግር የለበትም አልልም። አብዛኞቹ ኦክሳይዶች ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፉ ከግራፋይት ወይም ከግራፊን (እጅግ ስስ ከሆነ የካርቦን ንጣፍ) ጋር ይቀላቀላሉ። ዚንክ ኦክሳይድ አሲድ ከበዛበት ይሟሟል። መዳብ ሲበዛ የእርሳሱን ቦታ ይሻማል። ከሁሉ የሚከብደው የክረምት ውሃ ነው፤ በረሳ ሞልቶ ሲደፈርስ እርሳስ ቢኖር ከጭቃውና ከብስባሹ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ ውሃው አስቀድሞ በአሲድ ካልተብላላ ኤሌክትሮዱ አያየውም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው አንድ ንባብ አይቶ አይነሳም። በዚያው ናሙና ላይ መጠኑን የሚያውቀውን እርሳስ ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካል፣ ሦስተኛም ይጨምራል። ጫፉ በጨመረው ልክ ካላደገ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር በመዝገቡ ላይ አያሰፍረውም።